ሻልከ 04ን ያወረደው አሰልጣኝ አይደለም፦ ስለ 2020/21 የሚደጋገሙ ስህተቶች

አንድ ክለብ በአንድ የውድድር ዘመን አምስት አሰልጣኝ ቀያይሮ ሲወርድ፣ ሰው ሁሉ የሚሰጠው ምክንያት «ጥሩ አሰልጣኝ አጡ» የሚል ነው። የጀርመኑ ክለብ ሻልከ 04 በ2020/21 ከአገሩ አንደኛ ሊግ ከቡንደስሊጋ ከወረደ ዓመታት አልፈዋል፤ ወሬው ግን ዛሬም ያው ነው። ከደጋፊ ሲሰማ ያስኬዳል። ጨዋታ ተንትኖ የሚያድር ሰው ሲደግመው ግን ዝም ማለት ይከብዳል። ውጤቱ ይኸው፦ 34 ጨዋታ፣ 3 ድል፣ 7 አቻ፣ 24 ሽንፈት፣ 25 ግብ አግብቶ 86 ተቆጠረበት፣ 16 ነጥብ። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

«በቡንደስሊጋ ታሪክ የከፋው ቡድን ነው»

አይደለም። መዝገቡ የታስማኒያ በርሊን ነው። በ1965/66 ሁለት ጨዋታ ብቻ አሸንፎ፣ 108 ግብ ተቆጥሮበት ወረደ። ያለ ድል 31 ተከታታይ ጨዋታ የተጓዘውም እሱ ነው፤ ሻልከ 30 ላይ ቆመ።

«ትልቅ ደጋፊ ያለው ክለብ አይወርድም»

ሀምቡርግ በ2018 ወረደ። ቬርደር ብሬመን ደግሞ ከራሱ ከሻልከ ጋር በዚያው የውድድር ዘመን ወረደ።

«ኮሮና ነው ያወረደው»

ቀኑን አይቶ መናገር ነው። ሻልከ ጃንዋሪ 17 ቀን 2020 ሞንሼንግላድባህን 2 ለ 0 አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ሊጉ በወረርሽኙ ምክንያት እስኪቋረጥ ድረስ ተመልካች በሞላበት ስታዲየም ሰባት የሊግ ጨዋታ አደረገ፤ አራቱን አቻ ወጣ፣ ሦስቱን ተሸነፈ፣ አንዱንም አላሸነፈም። ከሦስቱ ሽንፈቶች ሁለቱ በባየርንና በላይፕዚግ እያንዳንዳቸው 5 ለ 0 ነበሩ። ያለ ድል የተቆጠሩት 30 ጨዋታዎች የጀመሩት እዚያ ነው። ወረርሽኙ የክለቡን ካዝና መጉዳቱ እውነት ነው፤ ከ62 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ባዶ ሲሆን የሚቀረው ገቢ ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ የኦገስበርግም የማይንትስም ስታዲየም ባዶ ነበር፤ እነሱ አልወረዱም።

«አሰልጣኙ ነው»

ትዕግስት የሚያስጨርሰው ይህኛው ነው። በቁጥር እንየው። ዴቪድ ዋግነር 2 ጨዋታ፣ 0 ነጥብ። ማኑኤል ባውም 10 ጨዋታ፣ 4 ነጥብ። ሁብ ስቴቨንስ በጊዜያዊነት 1 ጨዋታ፣ 0 ነጥብ። ክርስቲያን ግሮስ 10 ጨዋታ፣ 5 ነጥብ። ዲሚትሪዮስ ግራሞዚስ 11 ጨዋታ፣ 7 ነጥብ። አምስቱ ደግሞ በምንም የሚመሳሰሉ ሰዎች አይደሉም። ዋግነር ሀደርስፊልድን ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያሳደገ ነው። ስቴቨንስ በ1997 ሻልከን የዩኤፋ ዋንጫ ባለቤት ያደረገ ነው። ባውም ከጀርመን ወጣት ብሔራዊ ቡድን የመጣ፣ ግሮስ የ66 ዓመት ስዊዘርላንዳዊ አንጋፋ። በእነዚህ ሁሉ እጅ ያው ቡድን ያው ውጤት ካመጣ፣ ጥያቄው ወደ ቡድኑ ነው መዞር ያለበት።

ዋግነር ራሱ ማስረጃ ነው። በ2019/20 የመጀመሪያ ዙር በ17 ጨዋታ 30 ነጥብ ሰብስቧል። በሁለተኛው ዙር በ17 ጨዋታ 9 ብቻ አገኘ። ሰውየው በሁለቱ ዙሮች መሀል ባለው እረፍት እውቀቱን አልጣለም። የመሀል ተከላካዩ ሳሊፍ ሳኔ በዲሴምበር 2019 ጉልበቱን ተጎድቶ ወጣ፤ በእሱ ቦታ የሚተካ ደረጃው የተስተካከለ ተጫዋች አልነበረም። የቡድን ጥልቀት የሚለካው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

አሰልጣኝ በዓመቱ መሀል ሲመጣ ምን ያህል መሥራት እንደሚችል ማወቅም ያስፈልጋል። ግሮስ ዲሴምበር 27 ተሾመ፤ የመጀመሪያ ጨዋታው ጃንዋሪ 2 ነበር። በስድስት ቀን የሚስተካከለው አሰላለፍ፣ በማዕዘን ምት ማን ማንን እንደሚይዝ፣ ማን ተሰልፎ ማን ተቀማጭ እንደሚሆን ነው። በከፍተኛ ጫና ኳስ መንጠቅን ግን በስድስት ቀን ማስተማር አይቻልም፤ የአምስትና የስድስት ሳምንት የቅድመ ውድድር ዝግጅት ይጠይቃል። ጨዋታ በየሳምንቱ እያለ የአካል ብቃት ጫና ቢጨመር ደግሞ ጡንቻ ይጎዳል፣ ጉዳተኛው ይበዛል። አሰልጣኝ በተቀየረ ቁጥርም ተጫዋቹ ያለፈውን ረስቶ ሌላ ይጀምራል። ሻልከ ይህን አራት ጊዜ አደረገው። ተሰናባቹ ደግሞ ውሉ እስኪያልቅ ወይም በስምምነት እስኪፈርስ ደመወዝተኛ ሆኖ ይቀጥላል፤ ያ ገንዘብ ከተጫዋች መግዣው ላይ ነው የሚቀነሰው።

ጃንዋሪ 9 ቀን 2021 ሻልከ ሆፈንሃይምን 4 ለ 0 ሲያሸንፍ «አየህ፣ ግሮስ ለወጠው» ተባለ። ጨዋታውን ደግሞ ማየት ይበቃል። ከእረፍት በፊት አሚን ሃሪት ከተከላካዮቹ ጀርባ ኳስ ሰነጠቀ፣ የ19 ዓመቱ አሜሪካዊ ማቲው ሆፒ ሮጦ ደርሶ በግብ ጠባቂው በባውማን አናት ላይ ከፍ አድርጎ አስገባ። ከእረፍት በኋላ ሁለት ጨመረና ሀትሪክ ሠራ፤ ሦስቱንም ያቀበለው ሃሪት ነው፣ አራተኛዋን ራሱ አገባ። ይህ ሃሪት በኖቬምበር ክለቡ ራሱ ከቡድኑ አግዶት የነበረ ተጫዋች ነው። የሆነው ይህ ነው፦ አንድ ጥሩ አቀባይ፣ አንድ ፈጣን ልጅ፣ ከጀርባው ክፍተት የተወ ተጋጣሚ። ቀጣዮቹን ሦስት ጨዋታዎች ሻልከ በፍራንክፈርት፣ በኮሎኝና በባየርን ተሸነፈ፤ አሰልጣኙ ያው ግሮስ ነበር።

«ተጫዋቾቹ ክደውት ሄዱ»

ሥሩ እዚህ ነው፣ ስሙ ግን ክህደት አይደለም። ጆኤል ማቲፕ በ2016 ወደ ሊቨርፑል፣ ሴያድ ኮላሺናክ በ2017 ወደ አርሰናል፣ ሌዮን ጎሬትስካ ወደ ባየርንና ማክስ ማየር ወደ ክሪስታል ፓላስ በ2018፣ ግብ ጠባቂው አሌክሳንደር ኑብል በ2020 ወደ ባየርን። አምስት ተጫዋች፣ ሁሉም ውላቸውን ጨርሰው፣ የዝውውር ዋጋቸው ዜሮ። ኑብል የቡድኑ አምበል ነበር፤ በጃንዋሪ 2020 ወደ ባየርን እንደሚሄድ ሲታወቅ የአምበልነቱን ጨርቅ ተቀማ።

የአሠራሩን ሕግ ያላወቀ ሰው ተጫዋቹን ይሰድባል። ውል ሁለት ዓመት ሲቀረው ክለቡ ሁለት ምርጫ አለው፤ ማራዘም ወይም መሸጥ። አንድ ዓመት ሲቀረው ገዢው ጠብቆ በነፃ ሊወስደው እንደሚችል ስለሚያውቅ ዋጋው ይወርዳል። የመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት ሲገቡ ተጫዋቹ ከሌላ ክለብ ጋር በሕግ መፈረም ይችላል። ሻልከ መሸጥ የማያውቅ ክለብም አልነበረም፤ ቲሎ ኬረር ውሉ አንድ ዓመት ሲቀረው በ2018 ለፓሪስ ሴንት ጀርመን በ37 ሚሊዮን ዩሮ ተሽጧል።

የሚብሰው የሄደውን ለመተካት የሚወጣው ገንዘብ ነው። በዚያው በ2018 ሴባስቲያን ሩዲ ከባየርን በ16 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ተገዛ። የአራት ዓመት ውል ከሆነ በሒሳብ መዝገብ በየዓመቱ 4 ሚሊዮን ይቀነሳል፣ ደመወዙ ሌላ። ጎሬትስካ በወጣበት በር ዜሮ ገባ፣ ሩዲ በገባበት በር 16 ሚሊዮን ወጣ። ክለቡ በ2017/18 ሁለተኛ ሆኖ ሻምፒዮንስ ሊግ ሲገባ ደመወዙን በዚያ ገቢ ልክ ሰቀለው፤ በዓመቱ 14ኛ ሆኖ ጨረሰ፣ የአውሮፓ ገቢ ቆመ፣ ደመወዙ ቀረ። በ2020 ክረምት ቋሚ ተሰላፊው ዌስተን ማኬኒ በውሰት ወደ ጁቬንቱስ ሲሄድ፣ ለአጥቂ መስመሩ ከመጡት አንዱ የ36 ዓመቱ ቬዳድ ኢቢሼቪች ነው። የእሱም ውል ዓመቱ ሳይገባደድ ፈረሰ።

የምትደግፉትን ክለብ መመርመር ከፈለጋችሁ ከአሰልጣኙ አትጀምሩ። ብዙ ደቂቃ የሚጫወቱትን 11 ስሞች ጻፉ፣ ከጎናቸው ውላቸው የሚያልቅበትን ዓመት፣ ዕድሜያቸውን፣ በውሰት መሆን አለመሆናቸውን። ሦስት አራቱ በ18 ወር ውስጥ የሚያልቅባቸው ከሆነና ማራዘሚያ ካልተፈረመ፣ ችግሩ በሩን አንኳኩቷል ማለት ነው። ቀጥሎ አጥቂዎቹን ብቻ ለይታችሁ ባለፈው ዓመት ስንት ግብ እንዳገቡ ደምሩ። ሻልከ ዓመቱን ሙሉ 25 ግብ ነው ያገባው።

«በጥር ገዝተው መትረፍ ይችሉ ነበር»

ገዙ እኮ። ኮላሺናክ በውሰት ተመለሰ፣ ተከላካዩ ሙስታፊ መጣ፣ የ37 ዓመቱ አጥቂ ሁንቴላር ከአያክስ መጣ። በዚያው መስኮት ወጣቱ ተከላካይ ካባክ በውሰት ወደ ሊቨርፑል ሄደ።

«ባለሀብት ገዝቶት ቢሆን ኖሮ»

በጀርመን የ50+1 ደንብ የድምፅ አብላጫውን ለአባላት ይሰጣል፤ ሻልከ ደግሞ የእግር ኳስ ክፍሉን እንኳ ወደ ኩባንያ ያልለወጠ የአባላት ማኅበር ነው። ገንዘብ ብቻውን ያድናል የሚል ሄርታ በርሊንን ይመልከት፤ ከባለሀብት 374 ሚሊዮን ዩሮ ወስዶ በ2023 ወረደ።

«ቡስከንስን ቀድመው ቢሾሙ ይተርፉ ነበር»

በመጋቢት 2022 ማይክ ቡስከንስ ግራሞዚስን ተክቶ ከ9 ጨዋታ 8 አሸንፎ ክለቡን ወደ ቡንደስሊጋ መለሰው። እውነት ነው፤ አሰልጣኝ መለወጥ የሚሠራበት ጊዜ አለ። ያኔ ግን ሻልከ በሁለተኛው ሊግ ነበር፣ በዚያ ዓመት 30 ግብ ያገባው ሲሞን ቴሮደም አጥቂው ነበር፤ ቡድኑ ከሊጉ በላይ ነበር። ይኸው ቡድን በ2022/23 ቡንደስሊጋ ገብቶ 31 ነጥብ ሰብስቦ 17ኛ ሆኖ ተመልሶ ወረደ።