የዩኒቨርሲቲ ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ማዕከል፦ ምርምሩ፣ ትምህርቱና የማኅበረሰብ አገልግሎቱ

የባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ማዕከል የሕክምና መሣሪያ የሚነደፍበት፣ የሚፈተሽበትና የሚጠገንበት፣ ይህን የሚሠራው ባለሙያም የሚሠለጥንበት የዩኒቨርሲቲ ክፍል ነው። ሥራው በምርምር፣ በትምህርትና በማኅበረሰብ አገልግሎት ይከፈላል። ሦስቱ ተሳስረው የሚሄዱት ግን በሆስፒታል የተበላሹ መሣሪያዎች ወደ ቤተ ሙከራው ሲገቡ ነው።

ከአየር ኦክስጅን ለይቶ ለሕሙማን የሚሰጠው የኦክስጅን ኮንሰንትሬተር ለዚህ የሚመች ማሳያ ነው። ኮምፕረሰሩ የክፍሉን አየር ጨምቆ ዚዮላይት የሚባል ባለ ጥቃቅን ቀዳዳ ማዕድን ወደተሞሉ ሁለት ጋኖች ይልካል። ዚዮላይቱ ናይትሮጅኑን ይዞ ኦክስጅኑን ያሳልፋል፤ አንዱ ጋን ሲሠራ ሌላው ግፊቱ ወርዶ የያዘውን ናይትሮጅን ይለቃል። ጤነኛ መሣሪያ 93 በመቶ ገደማ ኦክስጅን ይሰጣል። አቧራ የደፈነው ማጣሪያ ኮምፕረሰሩን ያግላል። እርጥበት የገባበት ዚዮላይት ደግሞ ናይትሮጅን የመያዝ አቅሙን ስለሚያጣ፣ ለረጅም ጊዜ ሳይበራ የቆየ መሣሪያ ድምፁ ደህና ሆኖ ኦክስጅኑ ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ ተማሪው በጆሮው አይፈርድም። መሣሪያውን አብርቶ እስኪረጋጋ ይጠብቃል፤ ከዚያም ፍሰቱን አምራቹ እስከፈቀደው ጣሪያ ከፍቶ በኦክስጅን መለኪያ ይፈትሻል። ከ82 በመቶ በታች ካነበበ መሣሪያው ወደ ሕሙማን አይመለስም።

በክፍል ውስጥ የአናቶሚ፣ የፊዚዮሎጂ፣ የኤሌክትሮኒክስና የፕሮግራሚንግ ትምህርት ይሰጣል። ተማሪን በእርግጥ የሚፈትነው ግን የኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪካዊ ምልክት የሚመዘግብ መሣሪያ) ማጉያ መሥራት ነው። ከቆዳ ላይ የሚገኘው የልብ ምልክት 1 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ሲሆን የመብራት መስመሩ የ50 ወይም የ60 ኸርዝ ረብሻ ይጫነዋል። ለምርመራ የሚውል ኢሲጂ ከ0.05 እስከ 150 ኸርዝ ያለውን ማሳለፍ ይኖርበታል። የኢሲጂው መስመር እንዳይዋልል ብሎ ከ0.5 ኸርዝ በታች ያለውን የሚቆርጥ ተማሪ የሚያምር ምስል ያገኛል፤ ነገር ግን የልብ ሕመም የሚነበብበት የኢሲጂው የኤስቲ ክፍል ሊዛባና ሐኪሙን ሊያሳስት ይችላል። ከሰው አካል ጋር የሚገናኝ የተማሪ ሥራ ሁሉ በባትሪ መሥራት አለበት። ይህ ለድርድር አይቀርብም፤ በቀጥታ ልብ ለሚነካ መሣሪያ በጤናማ ሁኔታው የሚፈቀደው የፍሳሽ ኤሌክትሪክ (ከመሣሪያው አምልጦ ወደ ሰው የሚያልፍ ኤሌክትሪክ) 10 ማይክሮአምፒር ብቻ ነው።

የምርምር ጥያቄዎችም ከዚሁ ይፈልቃሉ። ፐልስ ኦክሲሜትር በጣት ውስጥ 660 ናኖሜትር ቀይና 940 ናኖሜትር ኢንፍራሬድ ብርሃን አሳልፎ የደምን ኦክስጅን ይገምታል። በ2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ጥናት ግን መሣሪያው ሳያሳየው የሚቀር የኦክስጅን እጥረት በጥቁር ሕሙማን ላይ ከነጮች ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን እንደሚደጋገም አሳይቷል። ቆዳቸው ጠቆር ያሉ በጎ ፈቃደኞችን በበቂ ቁጥር ያላካተተ ፍተሻ ይህን ጉድለት ሊያገኘው አይችልም።

ማኅበረሰቡን ማገልገል ጥገና ብቻ አይደለም። በእርዳታ የሚመጣን መሣሪያ ከመቀበል በፊት ቮልቴጁ፣ መለዋወጫው፣ አላቂ ዕቃውና የአጠቃቀም መመሪያው መጠየቅ አለባቸው፤ በ110 ቮልት የሚሠራ መሣሪያ ያለ ትራንስፎርመር 220 ቮልት ላይ ቢሰካ በመጀመሪያው ቀን ሊቃጠል ይችላል። ነርሶችንም ማሠልጠን ያስፈልጋል፤ ማጣሪያ ማጠብና ገመድ መፈተሽ የዕለት ተዕለት ተጠቃሚው ሥራ ነው። ከጥገና በኋላ የመሣሪያው መለያ ቁጥር፣ የተቀየረው ክፍልና የተለካው ውጤት ይመዘገባሉ፤ በተደጋጋሚ የሚበላሸው ክፍል ከዚህ መዝገብ ይለይና ለቀጣዩ ዓመት ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ ይሆናል።