የጣና መረብ፦ አመራረጡ፣ አሰፋፉና አጣጣሉ

በጣና ዳርቻ አደን ሲባል ድሮ የጉማሬ አደን ነበር። ነገደ ወይጦ በደንገል ታንኳ ተጠግተው በጦር ይወጉት ነበር። ዛሬ ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ የሚታደነው ዓሣ ነው፤ የአዳኙም ዋና መሣሪያ መረብ ነው። ቀድሞ በደንገል ታንኳ ከዳር ዳር ይካሄድ ለነበረው ሥራ በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና ረጃጅም የናይለን መረብ ተጨመሩበት፤ መሐል ሐይቁም ለአስጋሪው ተከፈተ። ሥራው አደገ፣ ዓሣውም በዚያው ልክ ተጎዳ። ስለዚህ መረብ ሲመረጥ የሚጠየቀው የትኛው ዓሣ እንደሚያዝ ብቻ አይደለም። የትኛው ሾልኮ እንደሚያልፍም አብሮ ይታሰባል።

እዚህ የሚነገርለት መረብ ውኃ ውስጥ እንደ ግድግዳ ተተክሎ የሚያድረው ነው። ዓሣው ሳያየው ይመጣል፣ ጭንቅላቱን በመረቡ ዓይን ያስገባል፣ ሰውነቱ አላልፍ ሲለው ወደ ኋላ ይላል፤ ያን ጊዜ ክሩ ከስንጥቡ (ከሚተነፍስበት) ክዳን ሥር ገብቶ ይይዘዋል። የመረቡ ጠባይ ሁሉ ከዚህች ቅጽበት ይነሣል።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ፣ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፣ ግን ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው። አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር ገደማ ሲሆን ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። ውኃው ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል አባይ በሚያመጡት ደለል ስለሚደፈርስ ዓሣው መረቡን ከቅርብ ካልሆነ አያየውም፤ ለክሩ ቀለም ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ዋናው የዓይኑ ልክ ነው።

ለገበያ የሚፈለጉት ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው። ቀረሶ ሰውነቱ ከፍ ያለ፣ ጀርባው እሾሃማ ሆኖ ዳር ዳሩን ሣር ያለበትን ቦታ ይወዳል። አምባዛ ረጅምና ድቡልቡል ነው። ነጭ ዓሣ የሚባለው ግን አንድ ዓሣ አይደለም፤ ላቢዮባርበስ ከሚባለው የዓሣ ወገን ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች በዚህ ስም ይጠራሉ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግድ እነዚህ ዝርያዎች ከቀረው የአባይ ወንዝ ተነጥለው በጣና ውስጥ በቅለዋል፤ አብዛኞቹም ሌላ ቦታ የሉም።

የመረብ ዓይን የሚለካው ተወጥሮ ነው፤ ከአንዱ ቋጠሮ እስከ ትይዩው ቋጠሮ። ሻጭ “አምስት” ሲል የአንዱን ጎን ርዝመት ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዓይን ሲወጠር 10 ይሆናል። በኢንች የተሸጠ ከሆነ 4 ኢንች 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ 3 ኢንች ግን 7.6 ብቻ ነው። ስለዚህ መለያው ላይ የተጻፈውን ትቶ ሜትር መያዝ ይሻላል። አሥር ዓይኖችን በአንድ መስመር ለቅሞ፣ ውኃ አርሶ፣ ሳያስጨንቁ መወጠር፤ ጠቅላላው 100 ሴንቲ ሜትር ከመጣ መረቡ ባለ 10 ነው። ከጥቅሉ ሦስት ቦታ ላይ መለካት አይከፋም፤ ርካሽ መረብ መሐሉና ጫፉ ሊለያይ ይችላል።

የዓሣውን ርዝመት ከዓይኑ ጋር የሚያገናኝ ቀላል ስሌት አለ። የሚፈለገው ዓሣ ርዝመት ለቀጭንና ረጅም በ5፣ ለመካከለኛ ቅርጽ በ3.5፣ ከፍ ላለ ሰውነት በ2.5 ይካፈላል። ባለ 25 ሴንቲ ሜትር ቀረሶ፣ ባለ 35 ነጭ ዓሣና ባለ 50 አምባዛ ሦስቱም ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ዓይን ይመጣሉ። ባለ 8 መረብ ግን 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነውን ቀረሶ ይዞ ይወጣል፤ ይህ ገና ለመራባት የደረሰ ዓሣ ነው። አንድ ሰሞን ጀልባው የሞላ ይመስላል፣ ከዚያ መረቡ ባዶውን መውጣት ይጀምራል። ከ10 በታች ባይገዛ የሚባለው ለዚህ ነው።

ልኩ ትክክል መሆን አለመሆኑን የሚናገረው የተያዘው ዓሣ ራሱ ነው። ዓሣው ሲፈታ የክሩ መስመር ከስንጥቡ ክዳን ኋላ ከታየ ዓይኑ ገጥሞታል። ክሩ ወደ ጀርባ ክንፉ ተጠግቶ ሆዱ ላይ ከተገኘ ዓይኑ ለዚያ ዓሣ ሰፊ ነው፣ ዓሣው ትንሽ ቢያንስ ኖሮ ያመልጥ ነበር። በከንፈሩ ወይም በእሾሁ ብቻ ተንጠልጥሎ ከወጣ ደግሞ ዓይኑ ጠቧል፤ እንዲህ ያለው ሲሳብ ከውኃው ሊወጣ ሲል ይወድቃል። ቀረሶ በእሾሁ ስለሚጠላለፍ ብቻውን ሊያሳስት ይችላል፤ ከሃያ ዓሣ በላይ አይቶ መፍረድ ይበጃል።

ክሩን በተመለከተ፣ መለያው ላይ 210/6 ወይም 210/9 የመሰለ ቁጥር ይገኛል። 210 የሚለው የአንዱ ክር 9,000 ሜትር 210 ግራም ይመዝናል ማለት ነው፤ ሁለተኛው ስንት ክር አብሮ እንደተገመደ ይናገራል። ለባለ 10 ዓይን 210/6 ይበቃል። ጉቶና ድንጋይ ባለበት ዳርቻ 210/9 ይሻላል፤ ወፍራም ክር ግን ዓሣው ይሰማዋል፣ የሚይዘውም ያንሳል። ጉማሬ የሚመላለስበት ቦታ ላይ፣ በተለይ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በባሕር ዳር አጠገብ፣ የትኛውም ውፍረት መረብን አያድንም። እንደ ብርጭቆ የሚያሳየው ነጠላ ክር፣ ሞኖፊላመንት፣ ርካሽ ነው፣ ብዙም ይይዛል። ግን ከተበጠሰ አይጠገንም ማለት ይቻላል፣ ሐይቅ ውስጥ ከቀረም ሳይበሰብስ ለማንም የማይሆን ዓሣ እየገደለ ይኖራል። ጣናን የሚወድ ሰው አይገዛውም።

መረቡ ከገመድ ጋር ሲሰፋ የተወጠረው ርዝመት ግማሹን ብቻ ገመድ ይይዛል። 1,000 ዓይን ያለው ባለ 10 መረብ ተወጥሮ 100 ሜትር ነው፤ ይህ በ50 ሜትር ገመድ ላይ ይሰፋል። ሥራውን ለማቅለል ገመዱ ላይ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት ይደረጋል፣ በእያንዳንዱ ምልክት መካከል ሦስት ዓይን ይገባል። ቁመቱ 26 ዓይን ከሆነ ውኃ ውስጥ ሲቆም 2.25 ሜትር ገደማ ይሆናል። ገመዱ ከረዘመና መረቡ ከተወጠረ ዓይኑ ወደ ጎን ይከፈታል፣ ዓሣውም ይገፋውና ይመለሳል። በጣም ከተጨማደደ ደግሞ ዓሣው ተጠቅልሎበት ለመፍታት ግማሽ ቀን ይፈጃል።

የላዩን ገመድ የሚያንሳፍፈው ቡሽ ወይም ከአሮጌ ሸበጥ የተቆረጠ ስፖንጅ ነው፤ የታቹን የሚጎትተው እርሳስ ወይም ድንጋይ። ታች መሬቱን ነክቶ ለሚቆም መረብ ክብደቱ ከመንሳፈፊያው ኃይል ሁለት ሦስት እጥፍ ይበልጥ። 100 ግራም እርሳስ ውኃ ውስጥ 91 ግራም ያህል ይመዝናል፣ 100 ግራም ድንጋይ ግን 60 ገደማ ብቻ፤ ስለዚህ ድንጋይ ሲተካ በአንድ ተኩል እጥፍ ይጨመራል። ይህ ሲዘነጋ መረቡ ከመሬት ይነሣና ዓሣው በሥሩ ያልፋል።

ማምሻውን ተጥሎ ጎሕ ሲቀድ ይነሣል። ለቀረሶ ከሣሩ ዳር ጥቂት ሜትር ወጣ ብሎ ከዳርቻው ጋር ትይዩ መዘርጋት ይሻላል። ጫፍና ጫፉ በከባድ ድንጋይ ይታሰር፤ ልል ከሆነ ነፋሱ እየገፋ የሚያመጣው እምቦጭ ሰብስቦ ይጠቀልለዋል። እምቦጩ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ስለበዛ በደምቢያና በፎገራ በኩል መረብ ሳይጠብቁ ማሳደር አይመከርም። በጠዋቱ ከዘገዩ ደግሞ በመረብ ላይ የሞተው ዓሣ ይለሰልሳል፣ ስንጥቡም ቡናማ ይሆናል፤ ገዢ ክዳኑን ገልጦ የሚያየው እሱን ነው።

ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ግን ብዙ ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ወንዝ ይወጣል። ጉማራ አፍ ላይ የተዘረጋ መረብ ያን ጊዜ በአንድ ሌሊት የሚያነሣው በሐይቁ ላይ ለብዙ ቀን ከሚገኘው ይበልጣል፤ ብዙውም እንቁላል የያዘ ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት የእነዚህ ዓሦች ብዛት ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሷል፤ የወንዝ አፍ ማስገር ከዋና መንስኤዎቹ አንዱ ነው። ሀብቱን ለመጠበቅም የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል። በክረምት መረብን ከወንዝ አፍ ርቆ ለቀረሶና ለአምባዛ ብቻ መጣል ይቻላል።

ከሥራ በኋላ መረቡ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ በጥላ ይሰቀል። ፀሐይ ናይለኑን ያደክማል፤ የደከመ ክር በሁለት ጣት ሲጎተት ቋጠሮው አጠገብ ይበጠሳል። የተቀደደው በዚያው ቀን በመረብ መርፌ ይሰፋል፣ ምክንያቱም አንድ ቀዳዳ ነገ በአንድ አምባዛ ጉልበት ሁለት እጥፍ ይሆናል። ከጥገና ያለፈው ተሰብስቦ ወደ የብስ ይወጣል፣ ቡሽና እርሳሱ ለአዲሱ ይወሰዳል።