ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል

በቅርቡ አንድ የሬዲዮ ተወያይ የባንክ ወለድንና የአየር ጠባይን ለመለየት «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ሲሉ ሰማሁ። ምሳሌው እዚያ ምን እንደሚሠራ አልገባኝም። ዱባን ከባሕር ዛፍ ለመለየት ተረት ያስፈለገው ሰው የለም፤ ዱባና ቅል ግን ሥጋ ዘመዳሞች በመሆናቸው ሳይምታቱ አይቀሩም። በዕፅዋት ጥናት ሁለቱም ከሐብሐብ፣ ከኪያርና ከወለጋው አንጮቴ ጋር የአንድ ቤተሰብ አባላት ሲሆኑ፣ የሚለያዩት በወገን ነው፤ ዱባ ኩኩርቢታ፣ ቅል ላጌናሪያ ይባላል።

በአያቴ ጓሮ ክረምቱ ሲገባ ሁለቱም ወፋፍራም ሁለት ቅጠል ይዘው ብቅ ሲሉ፣ እኔ የትኛው የትኛው እንደሆነ አላውቅም ነበር። እየዋለ እያደረ ግን ዱባው በፍግና በአመድ ክምሩ ላይ መሬት ለመሬት ሲንሰራፋ፣ ቅሉ አጥሩን ይዞ ሽቅብ ይወጣል። የዱባው ቢጫ አበባ ማለዳ ተከፍቶ እኩለ ቀን ሳይደርስ ሲጠወልግ፣ የቅሉ ነጭ አበባ የሚፈነዳው ሲመሽ ነው፤ ንብ ለዱባው፣ የሌሊት የእሳት ራት ለቅሉ ይመጣሉ። ዱባው ከደረሰ ወደ ድስት ይገባል። ቅሉ ግን ፍሬው ውስጡ እስኪንኳኳ ድረስ ከሐረጉ ላይ ይደርቃል፤ ከዚያም አፉ ተበስቶ፣ ውኃ ተሞልቶ ሥጋው እስኪበሰብስ ይቆያል፤ በጠጠር እየተናጠ ይታጠባል፤ በወይራ ጭስ ከታጠነ በኋላ ወተት ይናጥበታል።

ስለዚህ ምሳሌውን የፈጠረችው ማለዳም ማታም ከጓሮዋ የማትጠፋ፣ ቅቤ የምትንጥ ሴት እንጂ አራሽ ገበሬ አይመስለኝም፤ አራሹ ማታ ከበሬው ጋር ሲገባ የቅሉን አበባ መቼ አይቶ። የዛሬው ዱባ የአሜሪካ ተወላጅ ስለሆነ፣ ምሳሌው የሚለው ይህንኑ ዱባ ከሆነ ከ16ኛው መቶ ዘመን በፊት ሊነገር አይችልም። ቅሉ ግን የአፍሪካ ተወላጅ ነው። እንግዲህ በእኔ ግምት አባባሉ የተወለደው መጤው ዱባ ከባለርስቱ ቅል ጎን በተተከለ ጊዜ፣ ሰዎች መመሳሰላቸውን አይተው በተደነቁበት ወቅት ነው።

ርዕስ አውጪዎች ደግሞ ዱባውን ከነሐረጉ ቆርጠው ጥለው «አቋማቸው ለየቅል» ብለው ይጽፋሉ። እንዲህ ሲቆረጥ የሚቀረው ልዩነቱ ብቻ ነው፤ የሁለቱ ዝምድና፣ ማለትም ተረቱ እንዲነገር ምክንያት የሆነው ነገር፣ ከዱባው ጋር አብሮ ተጥሏል።