የጽኑ ሕመምተኛ የሥነ ምግብ ሁኔታ ምንድን ነው?

ደሴ ነው። አጎቴን ስትሮክ መትቶት ራሱን ስቶ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝቷል። አክስቴ ከደላንታ አጥሚት በፔርሙስ ይዛ መጥታ «አንድ ማንኪያ ብቻ ላቅምሰው፣ አፉ ደርቋል» እያለች ነርሷን ትለምናለች። ነርሷ እምቢ አለች። በጣም ተናደድኩባት። ልክ እሷ እንደነበረች የገባኝ ቆይቶ ነው።

የሥነ ምግብ ሁኔታ ሲባል ወፍራም ነው ቀጭን ነው ማለት ብቻ አይደለም። ሰውነቱ የሚፈልገውን ጉልበትና ፕሮቲን እያገኘ ነው ወይ፣ ጡንቻው ላይስ ምን ያህል ስንቅ ቀርቶታል የሚለው ነው። በጽኑ የታመመ ሰው ዝም ብሎ ቢተኛም ሰውነቱ ሥራ ላይ ነው። ምግብ ካጣ የራሱን ጡንቻ ይበላል፣ ያውም በቀናት ውስጥ።

አንጎል ሲጎዳ ነገሩ ይብሳል፤ ጉሮሮም የሚታዘዘው በአንጎል ነውና። ስትሮክ ከመታቸው ብዙዎቹ መጀመሪያ አካባቢ በደንብ መዋጥ አይችሉም። ያቺ አንድ ማንኪያ አጥሚት ወደ ሆድ በመውረድ ፈንታ ሳንባ ውስጥ ገብታ የሳንባ ምች ልታመጣ ትችላለች፤ ትን ሳይለው፣ ሳያስለውም ልትገባ ትችላለች፣ እኛ ግን ዋጠልን ብለን ደስ ይለናል።

«ጉሉኮስ ተሰቅሎለት የለ እንዴ?» እንላለን። እኔም ብያለሁ። እስቲ ሒሳቡን እንየው። ባለ 5 ፐርሰንቱ ጉሉኮስ አንድ ሊትሩ 200 ካሎሪ እንኳ አይሞላም፤ ፕሮቲን ጭራሽ የለውም። 60 ኪሎ የሚመዝን ታካሚ ግን የመጀመሪያዎቹ ክፉ ቀናት ካለፉ በኋላ በቀን 1500 ካሎሪ ገደማና ከ70 ግራም በላይ ፕሮቲን ይፈልጋል። 70 ግራም ማለት የ12 እንቁላል ያህል ነው።

ሚዛንም ያታልላል። በአምስተኛው ቀን ፊቱ ሞላ ብለን «አልሐምዱሊላህ» ስንል ነርሷ ብርድ ልብሱን ገለጠችው። ጭኑ ሟሟል። ቆዳው ተንጠልጥሏል። ፊቱ ላይ ያየነው የፈሳሽ እብጠት ነበር። ለዚህ ነው ባለሙያ ኪሎን ብቻ የማያየው፤ ከመታመሙ በፊት ከስቶ ነበር ወይ፣ ስንት ቀን አልበላም ብሎ ይጠይቃል፣ ክንዱንና ጭኑን ይዳስሳል።

መዋጥ ለማይችል ሰው በአፍንጫ ወደ ጨጓራ የሚወርድ ቱቦ አለ። የደም ግፊቱ ከተረጋጋ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ቢጀመር ይመረጣል። ሲመገብ ራስጌው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና ይላል። ብዙ ቀን ሳይበላ ከቆየ ደግሞ በትንሽ በትንሹ ነው፤ በአንዴ ከተሰጠው ደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌትና ፖታሲየም ወርዶ ልቡን ሊያውከው ይችላል።

ለአጎቴ ቱቦው የገባው ጭኑን ባየን ማግስት፣ በስድስተኛው ቀን ነው። ዘግይቷል። እስካሁን ያንገበግበኛል፤ እኛም መጠየቅ እንዳለብን አላወቅንም። እናንተ ግን አብሽሩ፣ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሩ፦ «መዋጥ መቻሉ ታይቷል? ቱቦስ መቼ ይገባለታል? ዛሬ ስንት ሚሊ ሊትር ምግብ ገባለት?»