ስለ ቲንክ ታንክ የሚባለውና እውነታው

"አንድ ቲንክ ታንክ ባወጣው ጥናት መሠረት…" የሚል ዜና ስንሰማ ከሁለት አንዱን እናደርጋለን። ወይ "ጥናት ነው" ብለን አሜን እንላለን፣ ወይ "ተከፍሏቸው ነው" ብለን እናልፈዋለን። ሁለቱም ጥናቱን ከማንበብ ይገላግላሉ። ስለ እነዚህ የፖሊሲ ጥናት ተቋማት በብዛት ከሚባሉት ጥቂቱን እንይ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

"ሁሉም ያው ናቸው"

አይደሉም። ለንደን ውስጥ በ1884 የተመሠረተው ፋቢያን ሶሳይቲ ሶሻሊስትነቱን ደብቆ አያውቅም። በ1973 የተቋቋመው የአሜሪካው ሄሪቴጅ ፋውንዴሽን ደግሞ ወግ አጥባቂ መሆኑን በግልጽ ይናገራል። ሌላው የአሜሪካ ተቋም ራንድ፣ መንግሥት በኮንትራት የሚያሠራውን ጥናት ይሠራል። የዋሽንግተኑ ብሩኪንግስ ደግሞ ተማሪ የሌለው ዩኒቨርሲቲ ይመስላል። አቋም መያዝ ነውር አይደለም። እኔን የሚያሠጋኝ አቋሙን ደብቆ "ገለልተኛ ነን" የሚለው ነው።

"ፖሊሲ የሚያወጡት እነሱ ናቸው"

ሐሳብ ያዋጣሉ። ሐሳቡ ከእጃቸው ከወጣ በኋላ ግን የት እንደሚደርስ እነሱም አያውቁም። ሄሪቴጅ በ1989 ባወጣው የጤና ሪፎርም ሐሳብ ሰው ሁሉ የጤና መድን እንዲገባ በሕግ ይገደድ ብሎ ነበር። በ2006 ሪፐብሊካኑ ሚት ሮምኒ የማሳቹሴትስ ገዥ ሳሉ ይኸው ግዴታ የግዛቱ ሕግ ውስጥ ገባ። በ2010 ደግሞ ዴሞክራቱ ባራክ ኦባማ በሀገር ደረጃ ሕግ አደረጉት። ያኔ ዋነኛ ተቃዋሚ ሆነው ከተሰለፉት አንዱ ማን ነበር? ራሱ ሄሪቴጅ!

"ገንዘብ የሰጠ ውጤቱን ይገዛል"

አንዳንዴ እውነት ነው። ሁልጊዜ ግን አይደለም። በ1945 የተቋቋመውና በኢኮኖሚስቱ ያን ቲንበርገን መመራት የጀመረው የኔዘርላንድ የኢኮኖሚ ፖሊሲ ትንተና ቢሮ በጀቱን የሚያገኘው ከመንግሥት ነው። ቢሆንም ከ1986 ጀምሮ ፓርቲዎች ራሳቸው እየጠየቁት የምርጫ ፕሮግራማቸው በበጀትና በኢኮኖሚ ላይ ምን እንደሚያስከትል ያሰላላቸዋል። ሥልጣን ላይ ያለውም ተቃዋሚውም ለዚያው ስሌት ይቀርባሉ።

ገንዘብ ተጽዕኖ የሚያሳድረው ብዙ ጊዜ ቁጥር በማስቀየር አይደለም። የትኛው ጥያቄ ይጠና፣ የትኛው ይቅር የሚለው ላይ ነው። የማይመች ውጤት ሲመጣ ደግሞ ጥናቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የለጋሾች ዝርዝር መውጣቱ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

"ቁጥር ካለ አለቀ"

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። የማነሳው ምሳሌ የቲንክ ታንክ ሥራ ባይሆንም አንድ ቁጥር ከጥናት ወደ ፖለቲካ እንዴት እንደሚሮጥ በደንብ ያሳያል።

በ2010 ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ የተባሉ ስመ ጥር ኢኮኖሚስቶች አንድ ጽሑፍ አወጡ። የመንግሥት ዕዳቸው ከጠቅላላ የሀገር ውስጥ ምርት 90 በመቶ በላይ የሆነ ያደጉ ሀገራት አማካይ ዕድገታቸው ከዜሮ በታች፣ -0.1 በመቶ ነው አሉ። "ወጪ ይቀነስ" ለሚሉ ፖለቲከኞች ሰርግና ምላሽ ሆነላቸው።

በ2013 ቶማስ ሄርንደን የተባለ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለኮርስ ሥራው ያንኑ ስሌት ደግሞ ሊሠራ ሞከረ። ውጤቱ አልመጣ አለው። የኤክሴል ፋይሉን ጠየቃቸው፣ ላኩለት። ሲከፍተው የአማካዩ ቀመር የመጨረሻዎቹን ረድፎች አይነካም። አውስትራሊያ፣ ኦስትሪያ፣ ቤልጂየም፣ ካናዳና ዴንማርክ ሳይቆጠሩ ቀርተዋል።

በዜና የገነነው ይህ ነበር። ትልቁ ልዩነት የመጣው ግን ከሌላ ቦታ ነው። ዕዳ ከ90 በመቶ በላይ ከሆነባቸው ዓመታት ከኒውዚላንድ የተያዘው 1951 ብቻ ነበር፤ የብሪታንያ ደግሞ 19 ዓመት። አማካዩ ሲወሰድ ግን ሁለቱ እኩል ክብደት ተሰጣቸው። ከስሌቱ የተተዉ ዓመታትም ነበሩ። ሁሉም ሲስተካከል -0.1 የነበረው 2.2 በመቶ ሆነ። ባለጥናቶቹ የኤክሴሉን ስህተት አምነዋል፤ ዕዳ ሲበዛ ዕድገት ቀዝቀዝ ይላል የሚለውን ግን አልለቀቁም። ይህ ዛሬም ያከራክራል። ዕዳ 90 በመቶ ሲያልፍ ዕድገት እንደ ገደል ቁልቁል ይወርዳል የሚለው ግን ውድቅ ሆኗል።

ለዚህ ነው ጥናት ሳገኝ ከማጠቃለያው በፊት መነሻ ግምቶቹን የማየው። ዳታውስ ለሌላ ሰው ክፍት ነው ወይ?

"ሪፎርም ማለት ድጎማ ማንሳትና ድርጅት መሸጥ ነው"

የታክስ አሰባሰብ ማሻሻልም፣ የመሬት ምዝገባም፣ ለድሃ ቤተሰብ ገንዘብ መስጠትም ሪፎርም ነው። ይለፍ።

"ጥናቱ ጥሩ ከሆነ ሪፎርሙ ይሳካል"

ጊዜው ካልመጣ ጥሩ ጥናትም አቧራ ይጠጣል። ሕንድ ንግዷን ትክፈት የሚለው ሐሳብ ከ1991 በፊትም ነበር። በሩ የተከፈተው የውጭ ምንዛሪዋ ከውጭ ለምታስገባው ዕቃ ለሁለት ሳምንት ገደማ የሚበቃ ብቻ ሲሆን ነው።

ሜክሲኮ ላይ ደግሞ ጥናት ራሱ ጋሻ ሆኗል። በ1997 የተጀመረው ፕሮግሬሳ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ለሚልኩ ድሃ እናቶች ገንዘብ ይሰጥ ነበር። ለግምገማው 506 መንደሮች ተመርጠው በዕጣ ተከፈሉ። 320ዎቹ ቀድመው ጀመሩ፣ 186ቱ ቆይተው ገቡ። ዋሽንግተን ያለው ዓለም አቀፍ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ልዩነቱን መዘነ፤ ትምህርት ቤት የሚገቡ ልጆች ጨምረው ተገኙ። በ2000 ለ71 ዓመት የገዛው ፓርቲ ተሸነፈ። አዲሱ መንግሥት የፕሮግራሙን ስም ቀየረ እንጂ አልዘጋውም፤ እንዲያውም አሰፋው። በ2019 ግን ሌላ መንግሥት በስኮላርሺፕ ተካው። ያኔ ጥናቱ አላዳነውም።