የአደን ተኩስ ርቀት በጣና ዳርቻ

የአደን ተኩስ ርቀት የሚባለው አዳኙ የመጀመሪያዋ ጥይት እንስሳውን እንደምትጥል እርግጠኛ ሆኖ ቃታ የሚስብበት ርቀት ነው። ጥይቱ ሊደርስ ከሚችልበት ርቀት ጋር አንድ አይደለም። ምንሽር ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ይገድላል፤ ያለ መነጽር የሚተኩስ አብዛኛው ሰው ግን የድኩላን ሳንባ ሳይስት የሚመታው ከ100 ሜትር ወዲህ ነው። በጣና ዳርቻ ይህ ርቀት ይበልጥ ያጥራል።

በኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ ማደን በአዋጅ ተከልክሏል። ጣና ራሱ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል (ተፈጥሮው የሚጠበቅ አካባቢ) ሆኖ ተመዝግቧል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ፈቃድ በእጁ ላለ ሰው ነው።

የድኩላ ልብና ሳንባ የሚገኘው ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ከደረቱ ሥር ወደ ላይ ሲሶው ላይ ነው። ስፋቱ 15 ሳንቲሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ከሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሳህን እምብዛም አይበልጥም። ተኳሹ የራሱን ወሰን ለማወቅ በዚህ ልክ የተቆረጠ ክብ ወረቀት፣ ከኋላው የአፈር ቁልል ባለበት ቦታ፣ 50 ሜትር ላይ ያቆማል። ጥቂት ሮጦ ትንፋሹ ሳይሰበሰብ ይንበረከክና 5 ጥይት ይተኩሳል። አምስቱም ክቡ ውስጥ ካረፉ ወደ 75፣ ከዚያም ወደ 100 ሜትር ያርቀዋል። አንዲቷ እንኳ የወጣችበት ርቀት ለእሱ ሩቅ ነው። ጠመንጃው ከረጢት ላይ ተደግፎ የተገኘ ውጤት አይቆጠርም፤ ጫካ ውስጥ ከረጢቱ የለም።

በክላሽ ማደን የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። 100 ሜትር ላይ የተስተካከለ ክላሽ 200 ሜትር ላይ ሩብ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል፤ ደረቱ የታለመ ድኩላ እግሩ ተሰብሮ ይሄዳል። ጥይቱ እዚያ ለመድረስ የሴኮንድ ሲሶ ያህል ይፈጅበታል። በዚያች ቅጽበት የሚራመድ እንስሳ ግማሽ ሜትር ስለሚጓዝ፣ ሳንባው በነበረበት ቦታ ሆዱ ይደርሳል። የጦር ጥይት ደግሞ እርሳሱ ሙሉ በሙሉ በብረት የተሸፈነ በመሆኑ ጠባብ ቀዳዳ ከፍቶ ያልፋል። ጫፉ ለስላሳ የሆነው የአደን ጥይት ግን ሥጋ ውስጥ ይሰፋል።

በጣና ዳር መለካት ያለበት ርቀት ሁለት ነው፤ ከአፈሙዝ እስከ እንስሳው፣ ከእንስሳው እስከ ደንገሉ። ልቡን የተመታ ድኩላ እንኳ 50 ወይም 100 ሜትር ሮጦ ሊወድቅ ይችላል። ደንገሉ ወይም ፊላው 20 ሜትር ላይ ካለ እዚያ ገብቶ ይወድቃል፤ መሬቱ ውሃ ስለሆነ ደሙ አይታይም፣ ዱካውም ይጠፋል። እንዲህ ባለ ቦታ 40 ሜትር ላይ የቆመ እንስሳም ቢሆን አይተኮስበትም፤ ወደ ደረቁ ሜዳ እስኪወጣ ይጠበቃል።

ከውሃ ማዶ ያለ ነገር ከእውነቱ የቀረበ ይመስላል፤ ስለዚህ ዓይን 80 ያለውን በርቀት መለኪያ ማረጋገጥ ይገባል። ነፋሱ ከቀትር በኋላ ሲበረታ ጥይቱን ይገፋል፣ የሰውንም ጠረን ይወስዳል፤ ጠዋት ይሻላል። ከሁሉ በላይ ግን ወደ ሐይቁ አቅጣጫ በጥይት አይተኮስም። ውሃን በአግድም የመታ ጥይት ነጥሮ ይበራል፣ ከደንገል ጀርባ በታንኳ ያለ ዓሣ አስጋሪም አይታይም። ድሮ የጣና ዳር ነዋሪዎቹ ነገደ ወይጦ ጉማሬን በጦር ሲያድኑ ከታንኳቸው ጥቂት ሜትር ድረስ ይቀርቡ ነበር፤ በዚያ ርቀት ማን የት እንዳለ አይሳሳቱም።

ለጅግራና ለቆቅ የሚያገለግለው ፍሬ የሚረጨው ጠመንጃ ነው። ባለ 12 ቁጥሩ፣ አፈሙዙ በጣም የጠበበው ዓይነት፣ 36 ሜትር ላይ ከመቶ ፍሬ 70 ያህሉን 75 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ያሳርፋል። ከዚያ ሲያልፍ በፍሬዎቹ መካከል ወፍ የሚያሾልክ ክፍተት ይፈጠራል፤ ፍሬዎቹም ጉልበታቸው ይደክማል። 30 ሜትር በቂ ወሰን ነው። ረግረግ ላይ የእርሳስ ፍሬ መተኮስ ሌላ ጉዳት አለው፤ ዳክዬዎች ከጭቃው ጠጠር ሲለቅሙ አብረው ይውጡትና ይመረዛሉ። በምትኩ የሚገባው የብረት ፍሬ ቀላል ስለሆነ ቶሎ ይደክማል፤ ቁጥሩ ዝቅ ያለ ትልቅ ፍሬና አጠር ያለ ርቀት ይፈልጋል።

በዚህ ሁሉ በጣም የሚበደለው ከርከሮ ነው። ሥጋው ስለማይበላና ሰብል ስለሚያጠፋ፣ ከማሳ ዳር ሆኖ 200 ሜትር ላይ የሚተኩስበት ሰው እንስሳው ቆስሎ ሲሄድ አይከተለውም። ስቃዩ ግን ከድኩላው አያንስም፣ የቆሰለ ከርከሮም በማግስቱ መንገደኛ ላይ ሊዞር ይችላል። ለእሱም ርቀቱ ያው ነው። ከተኩሱ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይጠበቅና እንስሳው የቆመበት ቦታ ይመረመራል። ደሙ ቀላ ብሎ አረፋ ካለው ሳንባ ተመቷል፤ እንስሳው ቅርብ ወድቋል። ጥቁርና አረንጓዴ የተቀላቀለበት፣ ሽታ ያለው ከሆነ ሆድ ነው። ያኔ ቶሎ መከተል እንስሳውን አስነስቶ ወደ ደንገሉ ይነዳዋል፤ ቢያንስ 4 ሰዓት ተጠብቆ፣ በዝግታ፣ ሁለተኛ ጥይት ተዘጋጅቶ ይኬዳል።