የባሮክ ዘመን መሣሪያ ምንድን ነው?

ስለ ባሮክ ሙዚቃ (በአውሮፓ ከ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ እስከ 18ኛው አጋማሽ የተጻፈ ሙዚቃ) ኮንሰርቶች በሚጻፉ አስተያየቶች ውስጥ አንድ ስሕተት ሳይታረም እየተደጋገመ ይገኛል። በቅርቡ ሐሳቡን ያነበብሁት አንድ አስተያየት ሰጪ፣ ሙዚቃውን የሚወድና ብዙ የሰማ ሰው መሆኑ ከአጻጻፉ የሚታወቅ ቢሆንም፣ አንድ ቫዮሊን ተጫዋች የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የዮሐን ሴባስቲያን ባኽን ሥራ ዝነኛው ጣሊያናዊ ሠሪ ስትራዲቫሪ በሠራው ቫዮሊን መጫወቱን ጠቅሶ ሙዚቃው «በራሱ ዘመን መሣሪያ» እንደ ቀረበ ጽፏል። ቀጥሎም ከጥቂት ዓመታት በፊት በተሠሩ ቫዮሊኖችና ሃርፕሲኮርድ (ከፒያኖ በፊት የነበረ፣ ቁልፉ ሲነካ አውታሩ የሚነቀልበት መሣሪያ) የሚጫወት ሌላ ቡድን ይዞ የመጣው «ቅጂ» ስለሆነ ከመጀመሪያው ያነሰ ነው ብሏል፤ ዘመናዊ መሣሪያም የተሻሻለ ስለሆነ ይበልጣል ሲል አክሏል። ስለ ቫዮሊኖቹ የተናገረው የተገላቢጦሽ ነው። ከሁለቱ የባሮክ ዘመን መሣሪያ መባል የሚገባው የሁለተኛው ቡድን አዲስ ቫዮሊን እንጂ የመጀመሪያው ተጫዋች የሦስት መቶ ዓመት ቫዮሊን አይደለም።

ይህን ለመረዳት የስትራዲቫሪ ቫዮሊኖች ምን እንደ ደረሰባቸው ማወቅ ያስፈልጋል። አንቶኒዮ ስትራዲቫሪ በ1737 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በክሬሞና ሲሞት የተዋቸው ቫዮሊኖች ዛሬ በመድረክ ከምናያቸው በብዙ ነገር ይለዩ ነበር። አንገታቸው ወደ ኋላ ብዙም ሳያዘነብል ከሣጥኑ ጋር ይያያዝ ነበር፤ ጣት የሚያርፍበት ሰሌዳ አጭር፣ ከፊት ገጹ ሥር በውስጥ በኩል የተለጠፈው የድጋፍ እንጨት ቀጭን፣ አውታሮቹም ከበግ አንጀት የተሠሩ ነበሩ። ከ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ግን አዳራሾች እየሰፉና ጠንካራ ድምፅ እየተፈለገ ሲሄድ፣ ሠሪዎች እነዚህን ቫዮሊኖች እየከፈቱ የቀድሞውን አንገት ረዘም ባለና ወደ ኋላ ባዘነበለ አንገት፣ የድጋፉንም እንጨት በወፍራም ተኩት፤ አውታሩም በበለጠ ኃይል እንዲወጠር ሆነ። የአገጭ ማሳረፊያው በ1820 አካባቢ የመጣ የጀርመናዊው ቫዮሊኒስት የሉዊስ ሽፖር ፈጠራ ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን ደግሞ የአንጀቱ አውታር በብረትና በሰው ሠራሽ ክር ተተካ። ከዚህ ሁሉ ለውጥ ያመለጡት የስትራዲቫሪ ሥራዎች እጅግ ጥቂት ናቸው፤ በ1690 ለሜዲቺ ቤተሰብ የሠራውና ዛሬም በፍሎረንስ የሚገኘው ትልቁ ቪዮላ ከእነርሱ አንዱ ነው። ስለዚህ አስተያየት ሰጪው ያደነቀው ቫዮሊን ሣጥኑ የባሮክ ዘመን ቢሆንም፣ ድምፁን የሚወስኑት አካላቱ የ19ኛውና የ20ኛው መቶ ዘመን ናቸው። መሣሪያውን የባሮክ ዘመን መሣሪያ የሚያደርገው መቼ ተሠራ የሚለው ሳይሆን፣ አሁን ያለበት አሠራር የዚያን ዘመን አሠራር ይከተላል ወይ የሚለው ነው።

በገና የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመቀበል አይቸገርም። ከአያት ቅድመ አያት የወረደ በገና አለ እንበል። አንድ ሰው ከበግ አንጀት የተሠሩትን ዐሥሩን አውታሮች አውጥቶ የብረት ሽቦ ቢያስርበት፣ በአውታሩና በበርኩማው (አውታሮቹን በሚደግፈው እንጨት) መካከል ገብተው ያን የሚነዝር ድምፅ የሚሰጡትን እንዚራ የተባሉ የቆዳ ቁራጮች ነቅሎ ቢጥል፣ ሽቦው ሲወጠር እንዳይሰበርም ቀንበሩን በወፍራም እንጨት ቢቀይረው፣ ገበቴው አሁንም ያው የጥንቱ ገበቴ ነው። አንድ ባለሙያ ደግሞ ባለፈው ዓመት ባዘጋጀው አዲስ ገበቴ ላይ የአንጀት አውታር ወጥሮ፣ እንዚራውን በየቦታው አስገብቶ በወጉ ቢቃኘው፣ አባቶች የሰሙት ድምፅ ከየትኛው እንደሚወጣ ለመናገር የእንጨቱን ዕድሜ መጠየቅ አያስፈልግም። ነገሩ ከዚህም ያልፋል፤ በሽቦው በገና የተማረ ደርዳሪ እጁ የሽቦውን ጥንካሬ ስለሚለምድ፣ በኋላ የአንጀት አውታር ቢሰጡት እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያወጣው የሽቦውን አመታት ነው። በባሮክ ቫዮሊንም እንዲሁ መሣሪያው ብቻውን አይበቃም፤ እጁም አብሮ መማር አለበት። ንጽጽሩ የማይሠራበትን ቦታም መጥቀስ ይገባኛል። በገና ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ እኛ ዘንድ ደርሷል። የባሮክ አጨዋወት ግን ተቋርጦ ነበር፤ ሃርፕሲኮርድ ለፒያኖ ቦታውን ለቀቀ፣ ቪዮላ ዳ ጋምባ (በጉልበት መካከል ተይዛ በደጋን የምትመታ መሣሪያ) ከመድረክ ጠፋች፣ ያለ ቫልቭ (ድምፁን ለመለወጥ በጣት የሚጫን ቁልፍ) ትራምፔትን በከፍተኛው ድምፅ የመጫወት ጥበብም ከተጫዋቾቹ ጋር ተቀበረ። ዛሬ የምንሰማው ከቀሩት መሣሪያዎች፣ ከዘመኑ የማስተማሪያ መጻሕፍትና ከሥዕሎች ተመርምሮ እንደ ገና የተሠራ አጨዋወት ስለሆነ፣ በዚህ ሙያ ያለ ጠንቃቃ ሰው «በትክክል እንዲህ ነበር» ብሎ አይናገርም።

ስለ አውታር ብዙ ሲወራ፣ ስለ ደጋን (አውታሩ ስለሚፈተግበት ባለ ጠጉር በትር) የሚያነሣ ጥቂት ነው፤ በእኔ እምነት ግን ደጋኑ ከአውታሩ ይበልጣል። የባሮክ ደጋን እንጨቱ ቀጥ ያለ ወይም ወደ ውጭ በትንሹ የጎበጠ፣ ጫፉም ቀላል ስለሆነ፣ ድምፁ ደጋኑ ወደ ጫፉ ሲሄድ በራሱ እየሳሳ ይሄዳል፤ ወደ ታች የሚሳበው ምት ከበድ፣ ወደ ላይ የሚገፋው ቀለል ይላል። የባሮክ ሙዚቃ ብዙው ክፍል ከጭፈራ የተወለደ ወይም የንግግርን ፈለግ የሚከተል ስለሆነ፣ ይህ የከባድና የቀላል መፈራረቅ ለዜማው እንደ እስትንፋስ ነው። በ1780ዎቹ በፓሪስ ፍራንሷ ቱርት መልክ ያስያዘው የዛሬው ደጋን እንጨቱ ወደ ጠጉሩ የጎበጠ ሲሆን፣ ከሥሩ እስከ ጫፉ እኩል ኃይል ስለሚሰጥ ረጅም፣ የማይቆራረጥ ዜማ ለመዘርጋት ተመራጭ ነው። በዘመናዊ ቫዮሊን ላይ የባሮክ ደጋን የሚይዝ ተጫዋች፣ የአንጀት አውታር አስሮ በዘመናዊ ደጋን ከሚጫወተው ይልቅ ወደ ሙዚቃው አነጋገር ይቀርባል ብዬ አምናለሁ። በዘመናዊ መሣሪያ የሚጫወቱ በርካታ ተጫዋቾችም ባኽንና ሄንደልን ለመጫወት ደጋናቸውን ብቻ የሚቀይሩት ስለዚህ ነው።

የመሣሪያው ስም ማስረጃ እንደማይሆን ደግሞ የቫንዳ ላንዶቭስካ ሃርፕሲኮርድ ያሳያል። ይህች ታላቅ ሙዚቀኛ ከ1912 ጀምሮ የተጫወተችበትን ሃርፕሲኮርድ የሠራው የፓሪሱ የፒያኖ ፋብሪካ ፕሌየል ሲሆን፣ ክብደቱና አሠራሩ ከባኽ ዘመን ሃርፕሲኮርድ ይልቅ ለፒያኖ ይቀርባል። የእርሷን ውለታ ማንም ሊክድ አይችልም፤ መሣሪያው ግን የባሮክ ዘመን መሣሪያ አይደለም።

በኮንሰርት ላይ ልዩነቱ ጎልቶ የሚሰማበት አንድ ሥራ ቢጠየቅ፣ ባኽ በ1721 ለብራንደንቡርጉ ማርግሬቭ (ጀርመናዊ መስፍን) ካቀረባቸው ስድስት ኮንቸርቶዎች ሁለተኛውን እጠቅሳለሁ። ባኽ በዚህ ሥራ ትራምፔት፣ ሪኮርደር (ለስላሳ ድምፅ ያለው የእንጨት ዋሽንት)፣ ኦቦ (ሌላ የእንጨት የትንፋሽ መሣሪያ) እና ቫዮሊን እኩል እንዲነጋገሩ አድርጓል። በዘመናዊ መሣሪያ ሲቀርብ ብሩህና ጠንካራ ድምፅ ያላት ትንሿ ትራምፔት ሪኮርደሩን ትሸፍነዋለች፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ በሪኮርደሩ ቦታ የብረት ፍሉት ይገባል፣ የባኽም ሐሳብ በዚያው ይለወጣል። ቫልቭ የሌለው ረጅሙ ትራምፔት ግን በከፍተኛው ድምፅ ለስለስ ብሎ ሊጫወት ስለሚችል፣ አራቱም ይደማመጣሉ። አስተያየት ሰጪው «ዘመናዊው መሣሪያ የተሻሻለው ስለሆነ ይበልጣል» ሲል የዘነጋው ይህን ነው፤ የአንዱ መሣሪያ መሻሻል በአንድ ላይ ሲጫወቱ የነበረውን ሚዛን ሊያፈርስ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፦ ዛሬ የባሮክ ትራምፔት ተብለው በመድረክ የሚታዩት አብዛኞቹ ቅኝቱን ለማስተካከል በጣት የሚደፈኑ ቀዳዳዎች አሏቸው፤ እነዚህ ቀዳዳዎች በ1960 አካባቢ የመጡ እንጂ ባኽ የሚያውቃቸው አይደሉም። ያለ ቀዳዳ የሚጫወቱ ተጫዋቾች ዛሬ አሉ፣ ቁጥራቸው ግን ትንሽ ነው።

«የባሮክ ቅኝት 415 ኸርዝ ነው» የሚለው አባባልም ማስተካከያ ይፈልጋል፤ ኸርዝ መሣሪያዎቹ ሁሉ የሚቃኙበት «ላ» የተባለው ድምፅ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚነዝር የሚለካ ነው። በባሮክ ዘመን አንድ የተወሰነ የቅኝት ከፍታ አልነበረም። በፈረንሳይ 392 ኸርዝ ገደማ የሚደርስ ዝቅተኛ ቅኝት ሲሠራበት፣ በጀርመን አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ኦርጋኖች ወደ 465 ኸርዝ የተጠጉ ነበሩ፤ ባኽ በላይፕዚግ የኦርጋኑን ክፍል ከሌሎቹ መሣሪያዎች አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርጎ የጻፈው ለዚህ ነው። ጀርመናዊው የፍሉት ተጫዋች ዮሐን ዮአኪም ክቫንትስም በ1752 ባሳተመው የፍሉት ማስተማሪያ ቅኝቱ ከቦታ ቦታ መለያየቱ ሙዚቃውን እንደሚጎዳ አማርሯል። 415 የተመረጠው ከዛሬው 440 በትክክል ግማሽ ድምፅ ዝቅ ስለሚል፣ የሃርፕሲኮርዱን የቁልፍ ሰሌዳ ወደ ጎን በአንድ ቁልፍ በማንሸራተት ብቻ ከሁለቱም ቅኝት ጋር ማስማማት ስለሚቻል ነው። ለሥራ የሚመች ስምምነት እንጂ የታሪክ ግኝት አይደለም።

ይህን ሁሉ ስናገር በዘመናዊ መሣሪያ የሚቀርብ የባሮክ ሙዚቃ ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም። በ1953 በቪየና ኮንሴንቱስ ሙዚኩስ የተባለውን የሙዚቃ ቡድን የመሠረተውና የአሮጌውን አሠራር በማስመለስ ከሁሉ ግንባር ቀደም የነበረው ኒኮላውስ ሃርኖንኩር ራሱ፣ ከ1975 ጀምሮ የአምስተርዳሙን የኮንሰርትኸባው ኦርኬስትራ በዘመናዊ መሣሪያዎቹ እንደ ያዘ የባኽን ሕማማት እንዲጫወት መርቷል፤ ለተጫዋቾቹ ያስተማራቸው መሣሪያ መቀየርን ሳይሆን ሐረጉን መናገርን ነበር። እንግሊዛዊው የሙዚቃ መሪ ጆን ኤልየት ጋርዲነር በተቃራኒው ለዓመታት በዘመናዊ መሣሪያ ከመራ በኋላ፣ በ1978 እንግሊሽ ባሮክ ሶሎይስትስ የተባለውን ቡድን መሥርቶ ወደ ባሮክ መሣሪያ ተሻገረ። ሁለቱም መንገዶች ታላላቅ ኮንሰርቶችን ሰጥተውናል። አሜሪካዊው የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ ሪቻርድ ታሩስኪን «እንደ ጥንቱ» የሚባለው ፈጣንና ቀላል አጨዋወት ከ18ኛው መቶ ዘመን ይልቅ የ20ኛውን መቶ ዘመን ምርጫ እንደሚያሳይ ሲከራከር፣ ብዙ ባልደረቦቼ ቢቆጡም፣ እኔ በአብዛኛው ትክክል እንደ ነበር አምናለሁ። በባሮክ ሙዚቃ ቪብራቶ (ጣትን በአውታሩ ላይ እያነቃነቁ ድምፁን ማወዛወዝ) ፈጽሞ አይገባም የሚለውን ልማድ ብቻ እንኳ ብንወስድ፣ ጣሊያናዊው ቫዮሊኒስት ፍራንቼስኮ ጄሚኒያኒ በ1751 በቫዮሊን ማስተማሪያው ቪብራቶን በተቻለ መጠን አዘውትሮ መጠቀምን መክሯል፤ ሌሎች የዘመኑ ሰዎች ደግሞ በቁጠባ እንዲገባ ፈልገዋል። ዘመኑ አንድ ድምፅ ብቻ አልነበረውም።

ያው አስተያየት ሰጪ በሁለት ክፍሎች መካከል የሁለተኛው ቡድን ተጫዋቾች ደጋግመው መቃኘታቸውን እንደ ብቃት ማነስ ቆጥሮታል። የአንጀት አውታር እርጥበት ይስባል፣ በመድረክ መብራት ሙቀትም ይላላል፤ አድማጭ ሲገባና የአዳራሹ አየር ሲለወጥ ከሰዓት በኋላ በልምምድ ጊዜ የተስተካከለው ቅኝት አይቆይም። ሃርፕሲኮርዱም የእንጨት ሣጥኑ ከአየሩ ጋር ስለሚላወስ፣ በዕረፍቱ ጊዜ አድማጩ ወደ ውጭ ሲወጣ ቃኚው ተቀምጦ እንደ ገና ያስተካክለዋል።